ከክትፎው ጋር የተሰረዘው ምግብ ቤት

ዛሬ ጠዋት የእትዬ ፀሐይን ምግብ ቤት ከነአድራሻው ሰረዝኩት።

እትዬ ፀሐይ እዚህ ጁባ፣ ማላኪያ ሰፈር ውስጥ ምግብ ቤት አላቸው። ድረ ገጹን የሠራሁላቸው አብሬያቸው የምሠራው እኔ ነኝ፤ ከስልክ ቪዲዮ ለቃቅሜ በተማርኳት የድረ ገጽ መጻፊያ ቋንቋ፣ ኤችቲኤምኤል።

ረቡዕ ስለሆነ፣ የግድግዳው ሰሌዳ ላይ የፍስኩን ምግብ በጠመኔ እንደሚሰርዙት፣ ድረ ገጹ ላይም ክትፎው እንዲሰረዝ ፈለጉ።

ለዚህ የሚሆን ኤለመንት የሚሉት የትእዛዝ ምልክት አለ። ከቃሉ በፊት መክፈቻ ምልክት፣ ከቃሉ በኋላ መዝጊያ ምልክት ይጻፋል፤ የሚሰረዘው በመካከላቸው ያለው ብቻ ነው።

እኔ መዝጊያውን ረሳሁት። ከክትፎው በታች ያለው ሽሮው፣ በያይነቱ፣ አድራሻው፣ ስልክ ቁጥሩ ሁሉ መስመር ተጋደመበት። (ሽሮ በረቡዕ ሲሰረዝ የመጀመሪያው ሳይሆን አይቀርም።)

ረፋዱ ላይ ለመሥሪያ ቤቱ ስብሰባ ከእኛ ምሳ የሚያዝዘው ዴንግ፣ አዲስ አበባ ያደገው ደንበኛችን፣ በቦዳ ቦዳ፣ በሞተር ታክሲ፣ እየበረረ መጣ።

"እትዬ፣ አድራሻዎ ድረ ገጹ ላይ ተሰርዞ ሳይ ሳይሰናበቱን ሄዱ ብዬ ደነገጥኩ! ምሳውን ሌላ ቤት ላዝ ነበር እኮ!"

"ወዴት ልሂድ? ሽሮዬን እሳት ላይ ጥጄ?"

ሳቅን። ግን ሳይሰናበት ከጁባ የሄደ ወዳጅ የሌለው ማን አለ?

መዝጊያዋን ጻፍኩ፤ ክትፎው ብቻ ተሰርዞ ቀረ። ምሳውም እኛው ጋ ታዘዘ።

እትዬ ፀሐይ ማፈሬን አይተው፣ "አይዞሽ እህቴ፣ ብንሄድ የሚፈልገን ሰው እንዳለ በምን እናውቅ ነበር?" አሉኝ።

እናንተስ፣ ሰው እንደሚፈልጋችሁ በስህተት ያወቃችሁበት ቀን አለ? እስቲ አጫውቱኝ።