የጋሼ አድማሱ ክንድ

እኔ፣ ዕድሜዬ አሥራ ስድስት፣ ሥራዬ ተማሪ፣ አድራሻዬ ባሕር ዳር፣ ማንም ሳያስገድደኝና ሳይደልለኝ የሚከተለውን ቃል እሰጣለሁ፦

ባለፈው ሚያዝያ አንድ ካርቶን ለስላሳ ከሰርቨሩ ጀርባ የደበቅሁት እኔ ነኝ።

ሳቁ። እኔም እስከ ዛሬ ጠዋት ድረስ እስቅ ነበር።

ዛሬ ጠዋት ጋሼ አድማሱ አረፉ አሉኝ። «የትኛው አድማሱ?» አልሁ፤ ሌላ አድማሱ የማውቅ ይመስል። ሰኞ እኮ ወንበር ላይ ቆመው የኤሲውን ማጣሪያ ሲያወልቁ ነበር! «ወንበሩን ያዢ፤ ስልክሽ አያመልጥሽም» ብለውኛል። ሰኞ ማጣሪያ ያወለቀ ሰው ሐሙስ ይሞታል?

ለማታውቋቸው ልንገራችሁ። ጋሼ አድማሱ የእናቴ ቢሮ ቴክኒሺያን ነበሩ። ቢሮው ፔዳ አካባቢ ነው፤ የቤት ንድፍ ይሠራል። ዘንዘልማ ላይ ከምታዩዋቸው አዳዲስ ቤቶች አንዳንዶቹ የተወለዱት እዚያ ነው። ንድፎቹ ሁሉ የሚቀመጡት ሁለት ሰርቨሮች ላይ ነው፤ ትልቅ ሻንጣ የሚያካክሉ፣ ቀጥ ብለው የሚቆሙ። ክፍላቸው ድሮ የመጥረጊያና የባልዲ ማስቀመጫ ነበረች። ኤሲ ያላት ግን እሷ ብቻ ናት።

እንግዲህ የባሕር ዳርን ሚያዝያ ታውቁታላችሁ። ትልልቆቹ ሰዎቻችን ያችን ክፍል ፍሪጅ አደረጓት። እማዬ «ለአንድ ሰዓት ብቻ» ብላ ቅቤ ታስገባለች። አጎቴ «ኔትወርኩን ልይ» ብሎ ይገባና ማንኮራፋቱ ውጭ ድረስ ይሰማል። በመጨረሻ ጋሼ በራሳቸው እጅ ጽፈው በሩ ላይ ለጠፉ፦ «ምግብም ሰውም ማሳደር ክልክል ነው። አንተንም ይጨምራል።» አጎቴ እስከ ዛሬ እኔን አይደለም ይላል።

መስኮቱን ደግሞ በአጎበር ሸፈኑት፤ ከሐይቁ የሚነሳው ትንኝ ገብቶ ማራገቢያውን እንዳያንቀው። እማዬ ጮኸች፦

«እኛን ቢምቢ ይንደፈን፣ ሰርቨሩ አጎበር ውስጥ ይተኛ?»

«አንቺ ብትነደፊ ጮኸሽ ትናገሪያለሽ» አሏት። «እሱ ግን አይናገርም። ብረትም ይተነፍሳል።»

ይህችን «ብረትም ይተነፍሳል» ስንት ጊዜ ቀለድሁባት! መጥበሻ ሲጋል «ጋሼ፣ ትንፋሽ አጠረው» እላቸው ነበር። እሳቸው ግን ጠዋት ጠዋት ገብተው፣ እጅጌያቸውን ጠቅልለው፣ ክርናቸውን ግድግዳው ላይ፣ ጣታቸውን የሰርቨሩ ጀርባ ላይ ያሳርፋሉ። አንድ ክንድ። ከዚያ ያነሰ ክፍተት ከተገኘ ማን ጠረገ፣ ማን ገፋ ብለው ያፋጥጡናል።

ወደ ወንጀሌ ልመለስ። ማራገቢያ ያለው ነገር ሁሉ የሚያቀዘቅዝ መስሎኝ፣ ለጓደኞቼ የገዛሁትን ካርቶን ለስላሳ ከሰርቨሩ ጀርባ አስጠግቼ ሸጎጥሁት። ለካ ከጀርባ የሚወጣው ሙቀቱ ነው! ከሰዓት በኋላ ሰርቨሩ ግሎ በራሱ ጠፋ። ለስላሳው ሻይ ሆነ። በዚያ ቀን ለደንበኛ መሰጠት የነበረበት ንድፍም ግማሹ ተበላሸ።

ጋሼ ከሁሉም ቀድመው ገቡ። ካርቶኑን አዩ። እኔን አዩኝ። ካርቶኑን ጠረጴዛቸው ሥር አስገቡት። ወዲያው እማዬ ደረሰች።

«ምን ሆኖ ነው?»

«ወደ ግድግዳው አስጠግቼው ነው። ጥፋቱ የእኔ ነው።»

እማዬ ተናደደች። ሠራተኛው ሁሉ እየሰማ፣ «ጋሼ አድማሱ፣ ዕድሜ ከተጫነዎት ይንገሩኝ፤ ወጣት ልፈልግ» አለቻቸው። እኔ እዚያው በሩ ላይ ቆሜያለሁ። ለወትሮው የማያርፈው ምላሴ የት እንደገባ እንጃ።

ማታ ሲወጡ ተከትዬ ለምን እንዳልተናገሩ ጠየቅኋቸው።

«አንቺን ቢቆጡሽ ሁለተኛ እዚያ ክፍል አትገቢም፤ ሥራውንም አትለምጂም። እኔን ቢቆጡኝ ነገም እገባለሁ።»

ለእማዬ እነግራታለሁ ብዬ ቃል ገባሁላቸው። ፈተና ይለፍ አልሁ። ዒድ ይለፍ አልሁ። «ስትደፍሪ ትናገሪያለሽ፤ እኔ አልቸኩልም» ይሉኝ ነበር። እማዬ ግን ከዚያ ቀን ጀምሮ ሥራቸውን በሰው ታስፈትሽ ጀመር። ፈታሹ ሲመጣ ጋሼ ወንበራቸውን ለቀው ቆመው ይጠብቁ ነበር። እኔ አያለሁ፤ ስልኬ ላይ አቀረቅራለሁ።

ይህን በስልኬ የምጽፈው እዚያው ክፍል፣ ወንበራቸው ላይ ተቀምጬ ነው። የቀለም ብሩሻቸው፣ ያ አቧራ የሚጠርጉበት፣ መስኮቱ ላይ አለ። ፀጉሩ መካከል ሁለት ትንኝ ተጣብቋል።

ስለዚህ እማዬም፣ አጎቴም፣ ያን ቀን የሰማችሁ የቢሮው ሰዎች ሁሉ አንብቡ፦ ጋሼ አድማሱ አልተሳሳቱም። እጃቸውም አላረጀም። ጥፋቱ የእኔ ነው።

ጋሼ፣ ነገ ወደ አገርዎ ወደ ማክሰኝት ይወስዱዎታል አሉ። «የኔ አገር ከእናንተ ይነፍሳል» ሲሉን አላመንንዎትም ነበር። አሁን አምኛለሁ፤ ይንፈስልዎት።

ዛሬ ጠዋት የሰርቨሩን ክፍተት እኔ ለካሁት። ክንዴ ከእርስዎ ያጥራል፤ አራት ጣት ጨመርሁበት። ልክ መጣ። ነገም እገባለሁ። ቢቆጡኝም እገባለሁ።

ደኅና ይግቡ፣ ጋሼዬ። ቃሌን ስላዘገየሁት ይቅር ይበሉኝ። አሁን ገጼ ላይ ልለጥፈው ነ

በሩ ተከፍቷል። እማዬ ከኋላዬ ቆማ በትከሻዬ አሻግራ እያነበበች ነው። የት ድረስ እንዳነበበች አላውቅም። እጇ ወንበሩን ይዟል፤ የጋሼን ወንበር።

«ሐያት!» አለችኝ።