ምድር ቤት የተቀዳው እልልታ

ምድር ቤቱ ውስጥ አምስት ነበርን። የእህቴ ልጅ ከማሽኖቹ ኋላ ቆሟል፤ ጠረጴዛው ሁለት ሣጥኖች ላይ የተጋደመ አሮጌ በር ነው። ግጥሙን የሚያወርደው ጓደኛው፣ ከመንገዱ ማዶ የሚኖር ጥቁር አሜሪካዊ ወጣት፣ ቁም ሣጥኑ ውስጥ በካፖርቶቻችን መካከል ቆሞ በሩን ገርበብ አድርጎታል። ድምፁ እንዳያስተጋባ ሁልጊዜ እዚያ ገብቶ ነው የሚቀዳው። የሙዚቃ ሸክላ የሚያሳትመው ሰውዬ ባርኔጣውን በእጁ ይዞ የልብስ ማጠቢያውን ተደግፏል። ጓደኛዬ መሀል ወለሉ ላይ፣ ከማይክሮፎኑ ፊት ቆማለች፤ ጫማዋ ድምፅ ያሰማል ስለተባለ አውልቃ በካልሲዋ ናት። እኔ ደረጃው ሥር ነበርኩ።

ከአምስታችን መካከል የጓደኛዬ ልጅ መሞቱን የማውቀው እኔ ብቻ ነበርኩ።

የሰማሁት የዚያኑ ዕለት ቅዳሜ ጠዋት ነው። ከሲያትል ወጣ ብሎ ማውንትሌክ ቴራስ የሚኖሩ አንድ የቤተ ክርስቲያናችን ሽማግሌ ደወሉልኝ። ልጁ አገር ቤት ወታደር ነበር፤ ወደ ሰሜን ከተላከ ወዲህ ወሬው ጠፍቶ ነበር። አሁን ዘመዶቹ ነገሩን አረጋግጠው ለሽማግሌው ነግረዋል። መርዶው እሑድ ማለዳ ይሆናል አሉኝ፤ ወንድሟ ከዳላስ የሚገባው ቅዳሜ ማታ ስለሆነ እሱ ሳይኖር አይነገራትም። ቅዳሜ ደግሞ ሥራ የላትም። ቤቷ ብቻዋን ከዋለች አንዱ ሳያውቅ ደውሎ ሊያረዳት ይችላል።

«አንቺ ያዢያት፣ እህቴ» አሉኝ። «ፊትሽ ላይ ምንም እንዳታይብሽ። ካንቺ ጋር ውላ ትግባ።»

እሺ አልኩ። እኛ ዘንድ መርዶ አንድ ሰው ብቻውን የሚናገረው ነገር አይደለም። ሰው ተሰብስቦ፣ የሚይዛት ተዘጋጅቶ፣ ውኃ ቀርቦ ነው። ይህን ሥርዓት ያኔም አልነቀፍኩትም፣ ዛሬም አልነቅፈውም። ያስቸገረኝ ሌላ ነው። ስልኩን ዘግቼ መጀመሪያ ያሰብኩት ስለ እሷ አልነበረም። የዚያን ቀን ከሰዓት በኋላ የእህቴ ልጅ የእሷን እልልታ ሊቀዳ ቀጠሮ ነበረው፤ የሸክላው ሰውዬም ቀረጻውን ሊሰማ የሚመጣው ያን ቀን ነበር። እሷን ማዋል እና እሱን መርዳት አንድ ላይ ገጠሙልኝ። ቀለል አለኝ።

የእህቴ ልጅ እጄ ላይ ነው ያደገው። ከሱዳን ስንመጣ ገና ልጅ ነበር። ሲያትል በገባን በጥቂት ጊዜ ውስጥ እኔ በአማርኛ ስናገረው እሱ በእንግሊዝኛ የሚመልስልኝ ሆነ፤ እንደዚያው ተግባብተን ኖርን። ሃይስኩል ሲጨርስ ምግብ ቤት ሳህን እያጠበ ያለ ከበሮ መቺ ከበሮ የሚመታ ማሽን ገዛ። ቀጥሎ ሌላ አመጣ። ይኼኛው አንድ ድምፅ ለጥቂት ሴኮንድ ይይዝና ቁልፉን በነኩት ቁጥር ይደግመዋል። ከአሮጌ ሸክላ ላይ የጥሩምባ ቁራጭ ይወስዳል፣ ከሌላው የሰው ሳቅ ይወስዳል፣ ይቆርጣል፣ ይቀጥላል፣ ከሥሩ ከበሮ ያነጥፍለታል። ኮሎምቢያ ሲቲ ያለው ቤታችን ወለል ከሥራ ስገባ ከእግሬ ሥር ይመታ ነበር።

አንድ ቀን፣ አትዘፍን፣ ጊታር አትመታ፣ ታዲያ ሥራህ ምንድን ነው ብዬ ጠየቅኩት።

«ፕሮዲውሰር ነኝ፣ አክስቴ» አለኝ። «ሌላው ያወራል። እንዴት እንደሚሰማ የምወስነው እኔ ነኝ።»

ቀድሞ የቤተ ክርስቲያን መዘምራንን በኪቦርድ ያጅብ ነበር። ሂፕ ሆፕ እንደሚሠራ ሲሰማ ከሁለቱ አንዱን ምረጥ ተባለና መዘምራኑን ተወ። እኔን የቤተ ክርስቲያኑ ሴቶች ሲሰናበቱኝ እጄን ከወትሮው ጠበቅ አድርገው ይይዙኝ ጀመር፤ የታመመ ሰው እንዳለብኝ ሁሉ። እሱ ካሴት እያባዛ ከጓደኛው መኪና ኋላ ሬኒየር ጎዳና ላይ ይሸጣል። አንድ የሬዲዮ አቅራቢ ሁለቴ አጫወተለት። ከዚያ ነው የሸክላው ሰውዬ የመጣው። ትንሽ የሸክላ ሱቅ ነበረችው፤ በራሱ ገንዘብም የከተማዋን ልጆች ሥራ ማሳተም ጀምሮ ነበር። ዘፈኑን ሰማና ጥሩ ነው፣ ግን እንዲህ ያለ ከበሮ ኒውዮርክ ሞልቷል፣ እነሱ የሌላቸውን አንድ ነገር ጨምርበት አለው። የእህቴ ልጅ ብዙ አሰበ። በመጨረሻ ጓደኛዬን አስታወሰ።

እኔና እሷ አንድ ሆቴል አንሶላ እናጥፍ ነበር። በጉባኤ መሀል እልል ስትል ዓይኑን የጨፈነ ሰው እንኳ የማን እንደሆነ ያውቃል። ረጅም ነው፤ አለቀ ሲባል እንደገና ከፍ ይላል።

ያን ቀን ከምትኖርበት ከሾርላይን በአውቶቡስ ይዣት መጣሁ። መንገዱን በሙሉ ያወራችው እሷ ናት። ምድር ቤት ስንወርድ ቁም ሣጥኑ ውስጥ ያለውን ወጣት አየችና ወደ እኔ ዞረች።

«ይኼ ልጅ ምን አጥፍቶ ነው እዚህ የከተታችሁት?»

የእህቴ ልጅ ተረጎመለት። ወጣቱም ግጥሙ መጥፎ ስለሆነ ነው ብሎ ከካፖርቶቹ መሀል መለሰ፤ እሷም ተተርጉሞላት ሳቀች። ከዚያ ግን ማይክሮፎኑን አየች። ለጌታ ያልሆነ እልልታ እንዴት ነው አለችኝ፣ ቀስ ብላ። እንድመክራት ፈልጋ ነበር። ተዪው፣ ደስ አይልም፣ እንሂድ ማለት እችል ነበር፤ ማንም ምክንያቱን ባልጠየቀኝ። ያንቺ ፈቃድ ነው አልኳት።

መጀመሪያ የሞከረችው አጭርና የታፈነ ነበር። ሰውዬው ራሱን ነቀነቀ። ሁለተኛውም ያው ሆነ። አፈረች፤ ባዶ ክፍል ውስጥ እንዴት እልል ይባላል አለች። የእህቴ ልጅ ማዳመጫውን ከጆሮው አወረደና ወደ እሷ ጠጋ አለ። አማርኛ ሲናገር አንቱና አንቺ ይቀላቀልበታል።

«ኦኬ፣ እማማ፣ እኛን እርሺን» አላት። «ልጅዎ መጥቶ ኤርፖርት ቆመዋል። በሩ ተከፈተ። ያው፣ እሱ ነው። ያኔ እንደሚሉት።»

ምንም አላወቀም። እሷ ዓይኗን ጨፈነች። እኔ ደረጃው ሥር ነበርኩ፤ አፌን ከፍቼ ነበር መሰለኝ።

እልል አለች። ቁም ሣጥኑ ውስጥ ያለው ወጣት ወጥቶ ቆመ። ሰውዬው ባርኔጣውን ደረቱ ላይ ያዘ። ስትጨርስ ፊቷን በነጠላዋ ጠረገችና፣ እንደዚህ ነው የምቀበለው፣ ሲመጣ ታሰሙታላችሁ አለች። የእህቴ ልጅ ከሥሩ ከበሮውን ለቀቀና ቁልፉን እየደጋገመ ነካ። ያ ድምፅ ከነከፍታው ደጋግሞ መጣ። ሰውዬው እጁን ዘረጋለት፤ ይህን አሳትማለሁ፣ ማክሰኞ ቴፑን እወስዳለሁ አለ። የእህቴን ልጅ እንደዚያ ደስ ብሎት አይቼው አላውቅም። ለእሷ ሻይ ላፈላ ብዬ ወደ ላይ ወጣሁ።

እሑድ ማለዳ ሾርላይን ያደረሰን የእህቴ ልጅ ነው፤ መኪና ያለው እሱ ነበር። ምን እንደሆነ መንገድ ላይ ነገርኩት። በሩን ስትከፍት ወንድሟን አየች፣ ከኋላው ብዛታችንን አየች፤ ማንም ሳይናገር ገባት። ጩኸቷን አልጽፈውም። የእህቴ ልጅ ኮሪደሩ ላይ ግድግዳውን ተደግፎ ጆሮውን ይዞ ነበር።

ስንመለስ በእንግሊዝኛ ጠየቀኝ።

«ትናንት ታውቂ ነበር?»

«አውቅ ነበር።»

«ምን እንዳልኳት ሰምተሻል አይደል?»

«ሰምቻለሁ።»

ሰኞ ማታ ምድር ቤት ወረድኩና ያን ድምፅ እንዲያጠፋው ነገርኩት። እሱ ደግሞ መጠየቅ አለባት አለ። ድምፁ የእሷ ነው፣ ትቆይና ትጠየቅ፣ ሰውዬውን ሳምንት ሁለት ሳምንት ጠብቀኝ እለዋለሁ አለ። ልቅሶ ላይ ያለች እናት እንዲህ ያለ ነገር አትጠየቅም አልኩት። ትክክል መስሎኝ ነበር ብል ግማሹ እውነት ነው። ሌላው ግማሽ፣ ያ እልልታ ከምተኛበት ክፍል ሥር መኖሩን አልቻልኩትም።

«ሶ፣ ማክሰኞ ምን ልበለው?» አለኝ።

«የለም በለው።»

እምቢ ብሎኝ አያውቅም። ከማሽኑም ከቴፑም ሲያጠፋ እስኪጨርስ ቆሜ አየሁት። ሰውዬው መጥቶ የቀረውን ሰማና የሌላ ልጅ ሥራ አሳተመ። በዓመቱ የእህቴ ልጅ ካሊፎርኒያ ሄዶ የሰው ስቱዲዮ ውስጥ ተቀጠረ። ከዚያ ወዲህ ስሙ በሌሎች ሸክላዎች ጀርባ፣ ከታች በትንንሽ ፊደል ይወጣል። የራሴ የሚለውን አንድም አላወጣም። ዘመዶቻችን ፊት፣ አክስቴ ያኔ አስጠፍታብኝ ነው ብሎ አንዴም አልተናገረም። ቢናገር ይሻለኝ ነበር።

ይህ ሁሉ ግን በኋላ ነው። ልቅሶው ከተበተነ፣ ወንድሟም ወደ ዳላስ ከተመለሰ ከሳምንታት በኋላ፣ አንድ ቀን ልጠይቃት ሄድኩ። ብቻዋን ነበረች። ሥራ ልትጀምር መሆኑን ነገረችኝ፤ የሆቴሉን ሰዎች ጠየቀችኝ፤ አለቃችን ዛሬም ጥጥ እንደጎረሰች ነው ወይ የምታወራው አለች፤ ትንሽ ሳቅን። ከዚያ ቀና ብላ አየችኝ።

«ያን ቅዳሜ ታውቂ ነበር፣ እህቴ?»

«አውቅ ነበር።»

«መቼም እኔም ለሰው እንደዚያው አድርጌያለሁ» አለች። «አውቆ መሳቅ ከባድ ነው። መደበቅሽን አልተቀየምኩም።»

ተነስታ መስኮቱን ዘጋች፤ ዝናቡ ወደ ውስጥ ይገባ ነበር። ጀርባዋን እንደሰጠችኝ ቀጠለች።

«ልጄን አልዳርኩትም። አልቀበርኩትም። እልል ያልኩለት ያን ቀን ብቻ ነው። እሱ እንኳ ተቀድቶ ቀረልኝ እያልኩ ነው የማድረው።» ወደ እኔ ዞረች። «ሸክላው መቼ ነው የሚወጣው?»

«አይወጣም» አልኳት። «ጠፍቷል።»

«እንዴት ጠፋ?»

«እኔ ነኝ አጥፋው ያልኩት።»

ቆማ አየችኝ።

«ሳትጠይቂኝ?»

ካፖርቴን ለበስኩ። በሩን ቀስ ብዬ ዘግቼ ወጣሁ።