ጋሼ አንድ ሰዓት ብቻ የነገሩኝ ቀን

የአባቴ ታላቅ ወንድም ጋሼ፣ ሰሚት በሚገኝ አንድ ዳቦ ፋብሪካ የምርት ዕቅድ ያወጡ ነበር። «ነገ ስንት እንጋግር?» ሲባሉ በአንድ ቁጥር መልሰው አያውቁም። ዱቄት ይዘገያል፣ መብራት ይጠፋል። ስለዚህ ሦስት ይሰጣሉ፤ ቢከፋ ይህን ያህል፣ እንደ ወትሮው ከሆነ ይህን ያህል፣ ከቀናን ደግሞ ይህን ያህል። ሂሳቡን «ፈዚ» ይሉታል፤ እርግጠኛ ያልሆነን ነገር ከነብዥታው የሚያሰላ ነው። አለቆቻቸው «አንዱን ይንገሩን እንጂ!» ብለው ሲቆጡ፣ «አንዱን የሚያውቀው እግዜር ነው» ይሉ ነበር።

ቤትም ያው ናቸው። ከአገር ቤት ሲመለሱ፣ ላምበረት መናኸሪያ ልቀበላቸው ስደውል፣ «ከፈጠነ ዘጠኝ ሰዓት፣ እንደ ወትሮው ከሆነ አስር፣ መንገድ ከተዘጋጋ አስራ ሁለት» ይሉኛል። እስቅ ነበር።

ታመው ሆስፒታል ተኝተውም ይህን ልማድ አልተዉትም። ስሰናበታቸው «ነገ ስንት ሰዓት ልምጣ?» እላለሁ፤ ሦስት ሰዓቶች ይነግሩኛል። አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ ግን መስኮቱን ሲያዩ ቆዩና፣

«ጠዋት አስራ ሁለት ሰዓት ና» አሉኝ።

የቀሩትን ሁለቱን ጠበቅኩ። የሉም።

«ታክሲው ቢዘገይስ፣ ጋሼ?»

«አይዘገይም።»

ለአባቴ ደውዬ «ጋሼ አንድ ሰዓት ብቻ ነገሩኝ» አልኩት።

በማግስቱ ጠዋት ለሚ ኩራ ታክሲ ተራ ሰልፍ አልነበረም፤ ታክሲውም ወዲያው መጣ። ልክ አስራ ሁለት ሰዓት ስደርስ ነርሷ ክፍላቸው በር ላይ ቆማለች።

«አሁን ነው ያረፉት» አለችኝ፤ «ገና አሁን።»

ዛሬ እናቴ «መቼ ትመጣለህ?» ስትለኝ እንደ ጋሼ ሦስት የተለያዩ ሰዓቶች እነግራታለሁ። አንድ ብቻ መናገር እፈራለሁ።