እኔው የሰጠሁት ኮከብ

ይህ ነገር መነገር ይገባው እንደሆነ እስካሁን አላውቅም። ስለ አንድ በሬ ነው፤ በሬ ደግሞ በየቀዬው ይሞታል። ግን ለንስሐ አባቴ እንኳ ደብቄዋለሁ፤ እናንተ ስሙኝ።

ፍኖተ ሰላም አሥራ አንደኛ ክፍል ስማር፣ አንዱ ጠይቆ ሌላው የሚመልስበት የኢንተርኔት ገጽ ላይ እውል ነበር። ጥሩ ለመሰለን መልስ ኮከብ እንሰጣለን። «አባ ምክር» በሚል ስም የሚጽፉ ሰው ነበሩ። «ልጄ ሆይ» ብለው ጀምረው በምርቃት ይጨርሳሉ። እኛ አገር ሽማግሌ ሲናገር ልጅ አያቋርጥም፤ እኔም መልሳቸውን ሳልመረምር ኮከብ እሰጥ ነበር። ጓደኞቼንም አሰጥ ነበር።

በጥቅምት አንድ ረፋድ አጎቴ ከቡሬ ገጠር ደወሉ። ልጃቸው ጥሩዬ በሬውን ጤዛ ባልለቀቀው ማገጥ፣ ያ ከብት የሚነፋው የመስክ ሣር ላይ ለቅቃው፣ ሣሩን በልቶ ሆዱ ተነፍቷል። ሐኪም ዘንድ ይውሰዱት ወይስ ይጠብቁ?

«አንተ የተማርኸው ንገረኝ» አሉኝ።

ሰው ሆኜ ስለተጠየቅሁ ደስ አለኝ። ገጹን ከፍቼ፣ ስለተነፋ በሬ ቀድሞ የተጠየቀ አገኘሁ። አንድ ጎረምሳ «ቀልድ የለም፣ አቁሙትና ሐኪም ጥሩ፤ ካስተኛችሁት አለቀ» ብሏል። ኮከብ የለውም። አባ ምክር ግን «ልጄ ሆይ፣ ችኮላ አይበጅም፤ ይተኛና ይረፍ፣ እስኪመሽ ሆዱ ይጎድላል» ብለዋል። ኮከባቸው ብዙ ነው። ያን ኮከብ ማን ሰጠ? እኔ። እኔ የሰጠሁትን እኔው አመንሁት። ለአጎቴ፣ ትልቅ አዋቂ ይተኛ ብለዋል አልኋቸው።

በሬው ሳይመሽ ሞተ።

አባ ምክርን፣ ስንት በሬ አክመው ያውቃሉ ብዬ በገጹ ጠየቅሁ። «ወንድሜ፣ እኔ የከተማ ልጅ ነኝ፤ በሬ የማውቀው ልኳንዳ ቤት ተሰቅሎ ነው» ሲል መለሰልኝ። በእሱ ልፍረድ? ሽማግሌ ያደረገው የማን ኮከብ ነው?

ቅዳሜ ወደ ቡሬ ሄድሁ። አጎቴ ጥሩዬን «በሬዬን የገደልሽው አንቺ ነሽ» ይሏታል፤ እሷ አቀርቅራለች። ልናገር አፌን ከፈትሁ። አጎቴ ወደ እኔ ዞሩና «አንተማ ደከምህልኝ፣ እግዜር ይስጥህ» አሉኝ።

ዝም አልሁ። እኔ ዝም አልሁ። ዘንድሮ ዩኒቨርሲቲ ገብቼም ዝም እንዳልሁ ነኝ። ብነግራት በሬው አይነሣ፤ ባልነግራት እሷ ቀና አትል። ይቅር በሉኝ አልላችሁም፤ ይቅርታው የእናንተ አይደለም።

አጎቴ በአንድ በሬ ማረስ አቅቷቸው፣ የቀረውን ሸጠው መሬታቸውን አርሶ እህሉን በእኩል እንዲያካፍላቸው ለጎረቤት የሰጡት የካቲት 16 ቀን 2007 ዓ.ም. ነው።