ዓሣ በቀይ ወይን

አስተናጋጁን ሰው ሁሉ «አፍንጫው» ይለዋል፤ በስሙ የምትጠራው ሚስቱ ብቻ ናት፣ እሷም ስትቆጣ። ሃያ ሁለት ዓመት ሙሉ፣ ምግብ ቤቱ ሳይከፈት፣ ወጥ ቤቷ እታለም የዕለቱን ምግብ በትንንሽ ሳህን ታቀብለዋለች። እሱ ከርካሹ ቀይ ወይን ይቀዳና አሽትቶ፣ አንድ ጉርሻ አንድ ጉንጭ እያለ ይቀምሳል። ከዚያ የትኛው ምግብ ከወይኑ ጋር እንደሚስማማ በር ላይ ባለው ሰሌዳ በጠመኔ ይጽፋል። «ውድ ወይንማ ማንም ያሞግሰዋል፤ ወንድ ከሆንክ ርካሹን ከወዳጁ አገናኘው!» ይላል። ኩራቱም እንጀራውም ይኸው ነው።

ከሁለት ወር በፊት የያዘው ጉንፋን ግን ሲለቀው ማሽተቱን ይዞበት ሄደ። ወይኑ ኮምጣጣ ውሃ ሆነበት። ለማን ይናገራል? የማያሸት «አፍንጫው» ለማን ይበጃል? የሆዱን በሆዱ ይዞ፣ ብርጭቆውን እያሽከረከረ፣ በግምት ይጽፍ ጀመር። አንድም ደንበኛ ቅር አላለውም። ይሄ ደግሞ ከጉንፋኑ የባሰ አንገበገበው፤ ለካ ያን ሁሉ ዘመን የለፋው በከንቱ ኖሯል!

አንድ ማክሰኞ አዲስ ወይን መጣ። ቀመሰ፣ ራሱን ነቀነቀ፣ «ከዓሣው ጋር» ብሎ ጻፈ። የረሳውን ፎጣ ሊወስድ ወደ ማድ ቤት ሲመለስ፣ እሱ እስከሚያውቀው መጠጥ ቀምሳ የማታውቀውን ወጥ ቤት ከዚያው ወይን ተጎንጭታ ፊቷን ስታጨማድድ አያት። ለዓሣው የተዘጋጀውን ሎሚ ገፋ አድርጋ ቲማቲምና እንጉዳይ መክተፍ ጀመረች።

«እታለም፣ ምን እየሠራሽ ነው?»

ደነገጠች። «የጻፍከውን ላስማማ ነዋ! ይሄ ወይን በሎሚ ዓሣ ብረት ብረት ይላል።»

«ከመቼ ጀምሮ ነው እንዲህ የምታስማሚልኝ?»

«ሽንኩርት ካረረብኝ ቀን ጀምሮ። ድሮ ገና ከበር ላይ የምትጮህብኝ ሰውዬ፣ አጠገቤ እያፏጨህ አለፍክ። ይኸው ሁለት ወር አንተ ትጽፋለህ፣ እኔ ድስቱን አስተካክላለሁ።»

«ምነው አልነገርሽኝ?»

«አንተስ መች ነገርከኝ?»

የድንች ጆንያው ላይ ቁጭ አለ። አፈረ። ደንበኞቹ ዝም ያሉት ግን ጣዕም ስለማይለዩ አልነበረም፤ ለካ ልፋቱ ከንቱ አልቀረም፤ ይህን ሲያስብ ደስ አለው።

ተነስቶ ሰሌዳውን አመጣና የጻፈውን በእጅጌው አጠፋው። ወይን ቀዳላት፣ ከዕለቱ ምግቦች የተጠበሰውን በግ አቀረበላት።

«ቅመሺና ንገሪኝ።»

ጎረሰች፣ ተጎነጨች። «ምን ጉድ ነው? ኮምጣጣነቱ የት ገባ?»

«ስብ ሲያገኝ እንደዚያ ነው» አላት፣ ምንም ሳይቀምስ። እንድትጽፈውም ጠመኔውን አቀበላት።