አውድማ ላይ የተገተርኩት እኔ

ደብረ ታቦር ኮምፒውተር አስተምራለሁ። በስልክ ከተቀረጸ ተራ ቪዲዮ ተነስቶ፣ ቦታውን በስክሪን ላይ ዙሪያውን ዞረው እንዲያዩት አድርጎ መልሶ የሚሠራ ፕሮግራም አለ። ከጋፋት ወዲያ ባለው አውድማችን አባቴ ገብስ ሲያበራዩ እንዲህ ሆኖ እንዲቀመጥልኝ ፈለግሁ። አርጅተዋል፤ የዘንድሮው የመጨረሻቸው ቢሆንስ ብዬ ፈራሁ። «ራስዎን ሲሠሩ ያያሉ» ብዬም ቃል ገባሁላቸው።

እህቴ ስልኩን ይዛ አውድማውን ስትዞር እኔ አንድ ቦታ ቆሜ፣ እጄን ወገቤ ላይ አድርጌ «ከፍ አርጊው፣ ዝቅ አርጊው» እላለሁ። አውድማ በጫማ እንደማይገባ ከልጅነቴ አውቃለሁ። ያን ቀን ግን መምህር ነበርኩ፤ አላወለቅሁም።

ላፕቶፑን ይዤ ሄጄ ጎረቤት በተሰበሰበበት ከፈትኩት። ለካ ፕሮግራሙ አጥርቶ የሚይዘው የማይንቀሳቀሰውን ብቻ ኖሯል! የነዶው ክምር ጥርት ብሏል። እኔም ጥርት ብያለሁ፣ የጫማዬ ማሰሪያ እንኳ ይቆጠራል። አባቴና በሬዎቹ ግን እንደ እብቅ ቦነው ቀርተዋል።

«ሥራ የፈታውን ለይቶ አወጣው በሉኛ!» አለ ጎረቤታችን። ሁሉም ሳቀ። አባቴ አልሳቁም። ወደ ስክሪኑ ጠጋ ብለው፣ «እኔስ የታለሁ?» አሉ። መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ በወደድኩ።

የሚንቀሳቀሰውንም እየተከተለ የሚሠራ ሌላ ዘዴ ፈልጌ ብዙ ደከምኩበት። በመጨረሻ አባቴ ስክሪኑ ላይ መጡልኝ፤ ጅራፋቸውን ይዘው ከበሬዎቹ ኋላ ይራመዳሉ። ብቻዬን እልል ልል ምንም አልቀረኝ። ከዚያ እስቲ ከላይ ልያቸው ብዬ ትዕይንቱን አዞርኩት።

በሬዎቹ የሚዞሩበት ክብ በአንድ በኩል ወደ ውስጥ ገብቷል። እዚያ የተገተርኩት እኔ ነኝ። አባቴ እኔ ዘንድ በደረሱ ቁጥር ፊተኛውን በሬ መለስ አድርገው፣ እኔን ሸሽተው ያልፋሉ። በዚያ በኩል ያለው ገብስ ሳይረገጥ ቀርቷል። እኔ ስልኩን እንጂ እሳቸውን አንዴም አላየሁም።

እሑድ ወስጄ አሳየኋቸው። ራሳቸውን ሲራመዱ አይተው ፈገግ አሉ። እኔ ግን አልቻልኩም።

«አባባ፣ እንዲያ ሥራ ሳስፈታዎ ለምን ዞር በል አላሉኝም?»

ዓይናቸውን ከስክሪኑ ሳይነቅሉ፣ «ዞር በል ብልህ ትሄድብኛለህ ብዬ ነዋ» አሉ።