ሁለት ቀይ መስቀሎች

ደባርቅ ባለችኝ ጠባብ የማስታወቂያ ሱቅ የሚገባ ደንበኛ ሁሉ መጀመሪያ የሚለኝ አንድ ነገር ነው፤ «ቀይ አድርጊልኝ፣ ጎላ እንዲል።» ፀጉር አስተካካዩም ቀይ፣ ጎማ የሚጠግነውም ቀይ፣ ወፍጮ የተከለውም ቀይ። የመንገዱ ዳር ሁሉ ቀይ ከሆነ የማን ሊጎላ ነው ብዬ ስጠይቃቸው ይስቃሉ። ቀለም እንደ በርበሬ መጠን አለው እላቸዋለሁ፤ አይሰሙኝም። ስለዚህ ቀይ አድርጌ እሰጣቸዋለሁ።

አንድ ቀን ግን መድኃኒት ቤት ሊከፍት የተዘጋጀ ሰው መጣ። ጨዋ ነው፣ ግን ችኩል። «ነጭ ላይ ትልቅ ቀይ መስቀል፣ በቃ። ሌላ ምንም አያስፈልግም፣ ሰው ሁሉ ያውቀዋል» አለኝ።

«ሰው ሁሉ አያውቀውም!» አልኩት። ካሰብኩት በላይ ሳልጮህ አልቀረሁም፤ ሰውዬው ደንገጥ አለ። ጠባዬ ነው፤ «ሰው ሁሉ ያውቀዋል» የሚባል ነገር ስሰማ ደሜ ይፈላል። ከኮምፒውተሩ ዞር ብዬ ወንበር ሳብኩለት። ምክንያቱን ሳይሰማ እንዲሄድ አልፈለግኩም።

ነገሩ የሆነው ደርግ ወድቆ ጥቂት ዓመታት እንዳለፉ ነው። እኔ ገና ልጅ እግር ሙሽራ ነበርኩ፤ ተራራው ላይ ሳንቃ በር ከሚባለው ቦታ ወዲህ፣ ከገደሉ ሥር ባለች መንደር፣ የባሌ ወላጆች ቤት እኖር ነበር። ባሌ በቅሎ እየጫነ እንግዳ ወደ ተራራው የሚያደርስ ሰው ስለሆነ ብዙውን ጊዜ ቤት አይገኝም። የቤቱ አዛዥ አማቴ፣ የባሌ አባት ነበሩ። ረጅም፣ ቃላቸው አጭር፣ አንዴ ካሉ የማይመለሱ ሰው። ምራት በአማቷ ፊት ድምፅዋን አታሰማም። እኔም በዚያ ቤት ስኖር «እሺ አባባ» ከማለት ያለፈ ለእሳቸው ተናግሬ አላውቅም። ስድስተኛ ክፍል ድረስ መማሬን የሚያስታውሱም አይመስለኝም ነበር።

የመጀመሪያ ልጄ ምጥ የጀመረኝ በሕማማት ሳምንት፣ በጸሎተ ሐሙስ ነው። ዓርብ ጎህ ሲቀድ ልጁ አልወረደም፤ እኔም አቅሜ አልቋል። የመንደሩ አዋላጅ እጃቸውን ታጥበው ወደ ደጅ ወጡና ለአማቴ ሲናገሩ ሰማኋቸው። «እኔ እስከዚህ ነኝ። ይህች ልጅ ደባርቅ ትድረስ። ጤና ጣቢያው ነጭ ግድግዳ ላይ ቀይ መስቀል አለው ብለውኛል፤ አይጠፋችሁም።»

ጎረቤቶችና የባሌ ወንድም ቃሬዛ አሰሩ። ካስተኙኝ በኋላ ፊቴን በጋቢ ሸፈኑት። በእኛ ዘንድ ምጥ የያዛት ሴት ፊቷን ገልጣ መንገድ አትወጣም፤ ፀሐይ ይመታታል፣ ክፉ ዓይንም ያያታል። ከዚያ ሁሉ ሰው መካከል ማንበብ የምችለው እኔ ብቻ ነበርኩ፤ እኔኑ ሸፈኑኝ።

ዳገቱን ሙሉ ያየሁት የጋቢ ድርና ማግ ብቻ ነው። የተሸካሚዎቹን ትንፋሽ እሰማለሁ፣ ትከሻ ሲቀያየሩ እወዛወዛለሁ። ልሞት ነው ብዬ ፈርቼ ነበር። ከሁሉም በላይ ያስፈራኝ ግን ሆዴ ውስጥ ያለው ዝም ማለቱ ነው። ሌላ ጊዜ ሲራገጥ እንቅልፍ የሚነሳኝ ልጅ፣ ያን ቀን እንደ ድንጋይ ከብዶ ተቀመጠ።

ከተማ መግባታችንን ያወቅኩት ከእግራቸው ድምፅ ነው፤ መንገዱ ኮረት ሆነ። ሌላ ድምፅ የለም። አውቶቡስ የለም፣ ገበያተኛ የለም። የስቅለት እኩለ ቀን ነው፤ ሰው ሁሉ ቤተ ክርስቲያን ስግደት ላይ ነው፣ ከሩቅ ኪርያላይሶን ብቻ ይሰማል። መንገድ የሚጠየቅ ሰው ቢፈለግም አይገኝም።

«ይኸውላችሁ» አሉ አማቴ። «ነጭ ግድግዳ፣ ቀይ መስቀል።» ቃሬዛውን አወረዱት። በሩ ተንኳኳ፣ ደግሞ ተንኳኳ። መልስ የለም።

«ስግደት ሄደዋል» አሉ አማቴ። «እነሱም ክርስቲያን ናቸው፣ አይፈረድባቸውም። እንጠብቃቸዋለን።»

ስግደቱ የሚያበቃው ወደ ማታ መሆኑን አውቃለሁ። እስከ ማታ ደግሞ እኔ አልደርስም። ከዚህ በፊት አድርጌው የማላውቀውን አደረግኩ፤ ጋቢውን ከፊቴ ገለጥኩ።

መጀመሪያ ብርሃኑ ዓይኔን ወጋኝ፤ ቀጥሎ ግድግዳው ታየኝ። እውነትም ነጭ ነው፤ ኖራው ገና መቀባቱ ነው። እውነትም ቀይ መስቀል አለው፤ ቀለሙ ያብረቀርቃል። ከበሩ በላይ ደግሞ በትልቁ «ሥጋ ቤት» ይላል።

ደባርቅ ያደገ ሰው በዚህ ይስቃል። ሥጋ ቤት መስቀል የሚያስለው የሚታረደው በክርስቲያን እጅ ነው ለማለት እንደሆነ ከተሜ ሁሉ ያውቀዋል። የእኛ መንደር ሰው ግን ሥጋ ቤት ምን ሥራ አለው? በሬ በቅርጫ ይታረዳል፣ ተካፍሎ ይገባል፣ አለቀ። ባለ ሥጋ ቤቱም ጾሙን ሙሉ ዘግቶ ከርሞ፣ ለፋሲካ ግድግዳውን አሳምሮ፣ መስቀሉን አድሶ ነው ስግደት የሄደው። ምን ያድርግ፣ ማንንም ሊያሳስት አላሰበም።

«አባባ» አልኩ፤ ድምፄ ለራሴም እንግዳ ሆነብኝ። «ይሄ ጤና ጣቢያ አይደለም። ሥጋ ቤት ነው።»

አማቴ ወደ እኔ አልዞሩም። ወደ ባሌ ወንድም ዞረው «ምን አለች?» አሉት።

«ሥጋ ቤት ነው አለች።»

«በስቅለት ቀን ሥጋ አማራት?» ከዚያም ራራ ብለው «ምጡ ነው እንጂ እሷ አይደለችም። ሸፍናት» አሉ።

ጋቢው ተመልሶ ፊቴ ላይ ወረደ። ያን ጊዜ የተሰማኝን ንዴት ዛሬም አልረሳውም፤ እንዲያውም ያዳነኝ እሱ ይመስለኛል። ጋቢውን ገፍፌ ከቃሬዛው ወዲያ ወረወርኩት።

«አልሸፈንም! ተጽፏል እኮ፣ ይኸው፣ ሥጋ ቤት!»

«መስቀሉ አይታይሽም?» አሉኝ። ለመጀመሪያ ጊዜ ፊት ለፊት አዩኝ።

«ይታየኛል አባባ። ይሄ የቄስ መስቀል ነው። ጫፉ ሰፋ ሰፋ ይላል፣ እግሩ ረዘም ይላል። የሐኪም መስቀል እግር የለውም፤ አራቱም እጁ እኩል ነው፣ ድፍን ያለ፣ እንደ ሒሳብ መደመር።» ክትባት ሰጪዎቹ መንደራችን ሲመጡ የሚሸከሙት ሳጥን ላይ አይቼዋለሁ። ሳጥኑን ያየው ሁሉም ነው፤ ልብ ብሎ ያየው ግን የለም። እኔም እስከዚያች ቀን ልብ ማለቴን አላወቅኩም ነበር።

ይህን እየተናገርኩ ዓይኔ መንገዱን ይቃኛል። ከመንገዱ ማዶ፣ ከባሕር ዛፎቹ መካከል፣ ብረት ላይ የቆመች ትንሽ የቆርቆሮ ሰሌዳ አየሁ። ነጩ ዝጎ ቡናማ ሆኗል፣ ቀዩም ፀሐይ ጠጥቶት ደብዝዟል። ግን አራቱም እጁ እኩል ነው።

«ያውና! እዚያ ነው!»

አማቴ አዩዋት፤ ወደ ግድግዳውም ተመለሱ። «ይሄ ትልቅ ነው፣ አዲስ ነው። ያችን መዳፍ የምታህለውን አምኜ ይሄን ልተው?»

እውነታቸውን ነው። ዛሬ በሙያዬ ብጠየቅ ያ ግድግዳ ከዚያች ሰሌዳ አሥር እጥፍ የተሻለ ማስታወቂያ ነበር። ያን ጊዜ ግን ሌላ ምጥ መጣብኝ፤ ጥርሴን ነክሼ ሳሳልፈው የበሩ ደፍ ላይ ውሾች ታዩኝ። በጾሙ ምክንያት ሁለት ወር ሙሉ አጥንት ያላዩ የሥጋ ቤት ውሾች፣ ፋሲካ መድረሱ ሸቷቸው ነው መሰለኝ፣ ተደርድረው ተኝተዋል።

«እስኪ ውሾቹን ይዩልኝ! ጤና ጣቢያ ደጃፍ ይሄ ሁሉ ውሻ ምን ይሠራል?»

የባሌ ወንድም ወደ በሩ ሄዶ፣ ታጥቦ ፀሐይ ላይ የተሰጣውን ወፍራም ግንድ በእጁ ዳሰሰ። «አባባ፣ ይሄ ሥጋ የሚመታበት ነው። የመጥረቢያ ምልክት አለው።»

አማቴ ግንዱን አዩ፣ ውሾቹን አዩ፣ መጨረሻ ላይ እኔን አዩ። «ተነሱ» አሉ።

ጤና ጣቢያው ክፍት ነበር። ነጭ ጋውን የለበሰች ነርስ ብቻዋን ተረኛ ነበረች፤ ከቃሬዛው እንዳወረዱኝ መስሚያውን ሆዴ ላይ አስጠግታ አዳመጠችና «ልቡ ይመታል» አለች። ልቡ ይመታል! ከዚያ በኋላ የደረሰብኝ ሕመም ሁሉ ቀላል ሆነልኝ ብል ውሸት ነው፤ ፍርሃቱ ግን ያኔ ጥሎኝ ሄደ። ልጄ ሴት ሆና፣ ጠይማ ሆና፣ ለማልቀስ ትንሽ ዘግይታ ወጣች። ስታለቅስ እኔም አለቀስኩ፣ ነርሷም ሳቀች። «አባትሽ ይግቡ እንጂ» አለችኝ ወደ መስኮቱ እያየች። አማቴን አባቴ መስለዋት ነበር። ባሕር ዛፎቹ ሥር፣ ከዚያች የዛገች የቆርቆሮ ሰሌዳ ፊት ለፊት፣ እየወደቁ እየተነሱ ይሰግዱ ነበር። ሰሌዳዋን በውል ለይተው ነው የሰገዱላት ወይስ በአጋጣሚ፣ ጠይቄያቸው አላውቅም።

መድኃኒት ቤት ከፋቹ ይህን ሁሉ ሰምቶ «እና ምን እናድርግ?» አለኝ። መስቀሉን አራት እጁን እኩል አድርጌ፣ አረንጓዴ ቀባሁለት። ሥጋ የሚሸጥ አረንጓዴ አይቀባማ። ከሥሩም ማንበብ ለማይችል ሰው ጠርሙስና ማንኪያ ሣልኩ። ቀይ አለመሆኑ ትንሽ ቅር ብሎት ነበር፤ ገበያተኛው ሳይጠይቅ መግባት ሲጀምር ግን ሱቄ ድረስ መጥቶ አመሰገነኝ።

ያልነገርኩት አንድ ነገር አለ፤ ወደ ቤት የተመለስንበት ቀን ነው። ፋሲካ አልፏል። ባሌ ከተራራው ወርዶ በቅሎ አመጣልኝ፣ ልጄን ታቅፌ ተቀመጥኩ። የባሌ ወንድም እንደ ወጉ ጋቢውን ዘርግቶ ከራሴ ላይ ጣለብኝ፤ አራስ ፊቷን ገልጣ አትሄድም። ወዲያው አንድ እጅ ጋቢውን ከፊቴ ሳብ አድርጎ ትከሻዬ ላይ መለሰው። አማቴ ነበሩ።

«ሕፃኗን ሸፍኑ» አሉ። «እሷን ተዉአት፤ መንገዱን ታንብብልን።»

ከደባርቅ እስከ መንደራችን በዚያ መንገድ አንድም የተጻፈ ነገር አልነበረም። እኔም ፊቴን ገልጬ፣ ሁሉንም እያየሁ ሄድኩ።